የኔታና ጾመኛው አዳኝ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጄን ሰላምን ልጠይቃት ከጎንደር ወደ ፀዳ ወረድሁ። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ምሳ እስኪቀርብ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ሶፋው ላይ ሰብስቤ፣ የውኃ ብርጭቆ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ከላፕቶፕዋ ውስጥ ቀንድ ተነፋ። ረጅም፣ ሻካራ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ድምፅ ነው። ውኃው ጭኔ ላይ ተደፋ።

«እማየ! ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«አውሬ ሊታደን ነው» አልኋት።

ልጄ አንዴ እኔን አንዴ ላፕቶፑን አየች። ልክ ነበርሁ፤ ጦር የያዘ ሰውዬ ከድንኳን ወጥቶ ወደ ጫካ ይሮጣል። ለካ ለተማሪዎቿ የቤት ሥራ የሰጠችው ጌም ነው፤ «ጠንካራና ደካማ ጎኑን ጽፋችሁ አምጡ» ብላቸው እሷም ቀድማ እየሞከረችው ኖሯል። ስድሳ አራት ዓመት የሞላት ጡረተኛ ነርስ ይህን ከየት አወቀችው ብላ ብትደነቅ አልፈርድባትም። «ታውቂዋለሽ እንዴ? እስኪ ንገሪኝ፣ ጥሩ ነው መጥፎ?» አለችኝ እየሳቀች። ልመልስላት ስል ምሳው ቀረበ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ሳማስል፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ዳዊት ስደግም ሳይቀር ያ ጥያቄ እየመጣ ግራ ያጋባኛል። ጥሩ ነው መጥፎ? እንጃ። ያየሁትን ልናገርና የሚፈርድ ይፍረድ።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። እኔ ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ ዋጋው ነው የሚታወሰኝ። ፒያሳ ላይ ማኪያቶ በአንድ ብር ከሃምሳ የሚጠጣበት፣ ባጃጅ ገና ብርቅ ሆና ሰው ሠርግ እንደሚሄድ ተለባብሶ የሚሳፈርባት ዘመን ነው። ሞባይል ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ እሱም ስልኩን በቆዳ ማኅደር ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ፣ ኮቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ነው የሚሄደው። ሴቱ ሽፎን ቀሚስ በሹራብ ደርቦ ይለብሳል፤ ክረምት ሲሆን ኮንጎ ጫማ ነው። ከፖስታ ቤቱ ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በክራር የተዜመ ትዝታ ይከፍታል። ነጭ ጋዋኔን አጣጥፌ ቡናማ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ሆስፒታል ስወርድ ሁልጊዜ ያው ዘፈን ላይ ነበር የምደርሰው። ወይስ ማታ ከሥራ ስመለስ ነበር? እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፤ አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል። ቦርሳዋን ግን በደንብ አስታውሳታለሁ። ከመጀመሪያ ደመወዜ የገዛኋት ናት፤ ዚፕዋ መሃል ላይ ይነክሳል፣ በሳሙና ካላሹት አይሄድም።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔ አባየ። በደብራችን፣ ከጎንደር አርባ አራቱ አድባራት አንዱ ነው፣ ስሙ ይቆየን፣ አርባ ዓመት ያህል መሪጌታ ሆነው ማኅሌት መርተዋል። በዚያ ዓመት መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸውን ተወላቸው፤ እግራቸውንም ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰላቸው፤ ቀኝ እጃቸውን ግን ያዘው። ለመሪጌታ ቀኝ እጅ ማለት የጸናጽል እጅ ማለት ነው። በግራው መቋሚያውን ይዞ በቀኙ ጸናጽሉን ይመታል፤ ከበሮውም ዘማሪውም የሚከተለው ያንን እጅ ነው። የደብሩ አለቃ ሊጠይቋቸው መጡና ብዙ ካቅማሙ በኋላ፣ እስከ ጥምቀት እንጠብቅዎታለን፣ እግዜር ካልፈቀደ ግን ቦታውን ለመሪጌታ ጥበቡ እንሰጣለን አሏቸው። ጥበቡ የአባየ ደቀ መዝሙር ነው፣ ክፉ የማይወጣው ሰው። አባየ «ሸጋ ነው» አሉ። አለቃው ሲወጡ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቀሱትን አይቻለሁ። እናቴ ስትሞት እንኳ እኔ ፊት አላለቀሱም። ያችን እጅ ለጥምቀት ሳላደርስ እንቅልፍ የለኝም አልሁ።

እንቅልፉስ ይቅር፤ ችግሩ አባየ ራሳቸው ነበሩ። የሆስፒታላችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ገበየሁ የጎማ ኳስ ሰጠኝ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይጨብጡ ብሎ። አባየ ኳሱን ተመልክተው «እኔ አርባ ዓመት ጉባኤ ዘርግቼ ዛሬ ኳስ ልጨብጥ?» አሉ። ባቄላ ከትሪ እየለቀሙ ኩባያ ውስጥ ይጨምሩ ተባለ። «ደግሞ ዶሮ አደረጋችሁኝ?» ብለው ትሪውን በግራ እጃቸው ገፉት። እኔ እለምናለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ነርስነቴን አነሣለሁ፤ እሳቸው ዳዊታቸውን ይገልጣሉ። ጥቅምት እንዲሁ በጭቅጭቅ ሊያልቅ ሆነ።

ገበየሁ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጠርቶ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን የጌም ማሽን አሳየኝ። በሁለት እጅ የምትያዝ፣ መሃሏ መስታወት የሆነች ትንሽ ዕቃ ናት። ጥቁር ነበረች። ሰማያዊም ልትሆን ትችላለች። «የግራ አውራ ጣት ሰውየውን ያስኬዳል። በቀኙ እነዚህን አራት ቁልፎች ይመታል፤ ሌባ ጣት ደግሞ ላይኛዋን» አለኝ። «ከኳሱ ይሻላል፤ ሰው እየተለማመደ መሆኑን ሳያውቅ ይለማመዳል።» ውስጧ የነበረው ጌም አንድ ብቻ ነው፤ አውሬ ማደን።

እዚህ ላይ ስለ አያቴ መናገር አለብኝ። የአባየ አባት ሳንጃ ቆላ ወርደው ጎሽ የገደሉ አዳኝ ነበሩ። አባየ ጠመንጃ ተሸክመህ ተከተለኝ ሲባሉ ጠፍተው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ቅኔ ቤት ገቡ። ሽማግሌው ልጃቸውን ሳይታረቁ ነው የሞቱት። ያ ቁጭት እንዳልለቀቃቸው ስለማውቅ ማሽኗን ይዤ ስገባ «ጌም» አላልኋቸውም። «አባየ፣ አውሬ የሚታደንበት ነገር አመጣሁልዎ» አልሁ።

«ምን አውሬ?»

«እዚህ ውስጥ ያለ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ቀንዱ ተነፋ። መጀመሪያ ማሽኗ ስም ትጠይቃለች፤ የአዳኙን ስም። አባየ ብዙ አሰቡና «የክርስትና ስሜን ጻፊበት። የማድነው እኔ ከሆንሁ በሐሰት ስም አላድንም» አሉ። የክርስትና ስማቸው ወልደ ሐና ነው፤ ቦታው ጠበበና «ወልደ» ብቻ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳኙን ወልደ አልነው።

ሰዓታችን ቀትር ላይ ነበር፤ የቅኔ ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንግተው ቁራሽ ሊለምኑ ሲወጡ። እኔ ከሆስፒታል ምሳ ሰዓት ላይ እሮጣለሁ። የኔታ ከአውሬ ሥዕል ጋር ይጫወታሉ ቢባል ጎንደር ውስጥ መግቢያ የለንም፤ ስለዚህ ማሽኗን ለመጽሐፍ የተሰፋ አሮጌ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ነበር የምንደብቃት። ጉልበታቸው ላይ ትራስ አድርጌ አስደግፍላቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀኝ አውራ ጣታቸውን እኔው በእጄ ይዤ ቁልፏ ላይ አስቀምጥ ነበር። ጣታቸው እንደ ሬሳ ይቀዘቅዝ ነበር። ወልደ ጦሩን ይዞ ይቆማል፤ አውሬው መጥቶ ይደፋዋል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ይደፋዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጣቲቱ ራሷን ችላ አንዲት ቁልፍ ተጫነች። አንዲት ድኩላ መሳይ ወደቀች። ወልደ ቢላዋ አውጥቶ ሥጋ ቆረጠና ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። እልል ልል ስል አባየ እጃቸውን አነሡ።

«ማን ባረከው?»

«ምኑን አባየ?»

«ሥጋውን ነዋ! በስመ አብ ሳይባልበት የሞተ ጥንብ ነው። ወልደ ክርስቲያን አይዶለም?»

ከዚያ ወዲያ ለሥጋ የሚሆን አውሬ ሊወድቅ ሲል አባየ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብለው ነው የመጨረሻዋን ቁልፍ የሚጫኑት። «አሐዱ» ላይ ሲደርሱ አውሬው ቀንዱን ይሰካል። ስንት ጊዜ በባርኮት መሃል ሞትን! «ይኸ ፈሪሀ እግዚአብሔር የሌለው» ይላሉ፤ እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፤ ማሽኗ ትወድቃለች፤ እንደገና። ያች ሰዓት ደስ ትለኝ ነበር። አባቴን በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ አላውቅም። ጉባኤያቸው የወንድ ነው፣ ማኅሌታቸው የወንድ ነው፤ እኔ እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ድረስ የአባቴን ጨዋታ የሰማሁት ከመጋረጃ ወዲያ ሆኜ ነው።

ሰላም ለተማሪዎቿ የሰጠችውን ጥያቄ አባየ ያኔ መልሰውታል። የተማሪ ቅኔ ሰምተው እንደሚያርሙ አድርገው ነበር የሚተቹት። «አውሬው ሳይናገር አይመታም» ይሉ ነበር፤ «መሬት ይጭራል፣ ጭራውን ያነሣል፣ ትንፋሽ ይስባል። ያስተዋለ ይድናል። ይኸ ሸጋ ነው፤ ሰው እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?» የቸኮለ፣ ቁልፉን ዝም ብሎ የሚደበድብ ሰው እንደሚሞት አይተው ደስ አላቸው። ወልደ ራሱ እንደማይጠነክር፣ የሚያድገው ጦሩና የያዡ ዕውቀት ብቻ እንደሆነ የደረሱበት ቀን ደግሞ «ይኸን የሠራው ሰው ተምሯል» አሉ። ነቀፋም ሞልቷቸው ነበር። ወልደ ገደል ጥግ ሲጠጋ ማሽኗ አውሬውን ትታ የራሱን ጀርባ ብቻ ታሳያለች፤ «ዓይኗ ማጅራቷ ላይ ነው» ይላሉ። መድኃኒት ጠጥቶ አውሬው እየመጣ ቆሞ ይንጠራራል። ያንኑ አውሬ ሰባት ጊዜ ካልገደለ የሚፈልገውን ቀንድ አያገኝም፤ ቢገድልም ዕድል ነው። ከሁሉ የከነከናቸው ግን አውሬው በማግሥቱ ተነሥቶ መገኘቱ ነው። «ሞት የሌለበት አገር ነው። ታዲያ ገዳይ እንዴት ገዳይ ይባላል? ደግሞ ሰንበት የለውም፤ ሰባቱንም ቀን አደን!» እሑድ እሑድ ማኅደሩ አይከፈትም ነበር።

የሰላም ላፕቶፕ ላይ ያለው አዲሱማ ሌላ ነው። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ የአውሬው ጠጉር በዝናብ ይረጥባል፤ አውሬው የት እንዳለ መንገዱን እያበራ ይመራል። አባየ ቢያዩት «ይኸ አደን አይዶለም፤ ድግስ መጠራት ነው» የሚሉ ይመስለኛል። ወይም እኔ ነኝ በእሳቸው አፍ የምናገር።

እንግዲህ ኅዳር አጋማሽ ላይ ጾመ ነቢያት ገባ። በዋዜማው አባየ የወልደን ከረጢት አስከፍተው አዩና «በቃ፣ ተዘግቷል» አሉ። አልገባኝም። «ምኑ?» ስላቸው ገረመሙኝ። «ጾም ነው። ወልደ ሥጋ አይበላም።» መጀመሪያ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ጌሙ ግን ጾም አያውቅም። ከረጢቱ ውስጥ ማርና ቅጠል አለ፤ ቁስል ያድናል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ጉልበት የጥብሱ ሥራ ነው። ሥጋ ያልበላ አዳኝ ሦስት እርምጃ ሮጦ ያለከልካል፤ አውሬው ደርሶ ይረግጠዋል። ያኔ የያዝነው ትልቁን አውሬ ነበር፤ ጥቁር፣ አራት ቀንድ ያለው፣ ከጉም ውስጥ ከገደል ላይ የሚወርድ። አገሩ ሊማሊሞን ስለመሰላቸው አባየ «የሊማሊሞው» ብለውታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሊማሊሞው ስንት ጊዜ እንደገደለን አልቆጠርሁትም። አባየ ቀስ በቀስ ከማሽኗ ራቁ። «ይቅር ዛሬ፣ ደክሞኛል» ማለት ጀመሩ። ከፈት ማለት የጀመረችው እጅ ደግሞ መጨበጥ ጀመረች። ጥምቀት ሁለት ወር አልቀረውም።

ማሽኗን ኃይል የምሞላት ሆስፒታል ነበር፤ ቤታችን መብራት አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም። አንድ ጠዋት መድኃኒት ክፍሉ ጥግ ተቀምጬ ከፈትኋት፤ አደኑን ጀመርሁ፤ ለወልደ አንድ ጥብስ አበላሁት። የጉልበቱ መስመር ሞላ። አደኑን ሳላቋርጥ ማሽኗን ብቻ አስተኝቼ ቡናማዋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኋት። ሥዕል ነው አልሁ። ሥዕል ምን ጾም አለው? እንኳን ሥዕል፣ በሽተኛም ከጾም ነጻ ይሆናል አልሁ። ያን ቀን ቀትር ላይ ወልደ እስኪበቃው ሮጠ። አባየ ቅንድባቸውን አነሡና መጫወታቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱም አበላሁት። በየቀኑ አበላሁት። በየቀኑም ያች እጅ ትከፈታለች፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፤ ታኅሣሥ ሲገባ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ።

የሊማሊሞው የወደቀው ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አውሬው ቆስሎ እያነከሰ ወደ ዋሻው ሄዶ ተኛ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይጨርሰዋል። አባየ ወልደን ደጃፉ ላይ አቁመው ማሽኗ ላይ «እህህ! እህህ!» እያሉ ጎሮሯቸውን ይጠርጉ ጀመር።

«ምን እያደረጉ ነው አባየ?»

«ይንቃ እንጂ። የተኛ አይመታም።»

ነቃ። ተፋለሙት። ወደቀ። እኔ ብድግ ብዬ እልል አልሁ። አባየ ማሽኗን ትራሱ ላይ አኑረው ቀኝ እጃቸውን አነሡና ከግንባራቸው እስከ ደረታቸው፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ አማተቡ። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። እጃቸውን ዘርግተው አዩዋት። «መጣች» አሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ። «ውሰጃት ማሽኗን፤ ደከመኝ» አሉኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ ደክሟቸው ይሆናል አልሁ። ነርስ ሆኜ ሳለሁ የደከመ ሰውና የከፋው ሰው ፊት አልለየሁም።

ከተራ ደረሰ። ቀኑን እንዴት እንደጠበቅሁት! አዲስ ነጠላ በጥበብ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ከሴቶቹ ፊት ቆምሁ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ የደብራችን ሊቃውንት በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። አባየ በእጄ ያጠብሁላቸውን ነጭ ቀሚስና ካባ ለብሰዋል፤ የመሪጌታው ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ዲያቆኑ ጸናጽሉን አቀረበላቸው። አባየ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጸናጽሉን አጥብቀው ያዙት፤ እኔ በሩቅ አየሁ፣ ያዙት። ከዚያ ዘወር ብለው ለመሪጌታ ጥበቡ አስረከቡት። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ኋላ ሄደው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሙ።

ሕዝቡን እየገፋሁ ደረስሁባቸው። የባሕሩ አጥር አጠገብ ወርካው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባየ! ምነው? እጅዎ እኮ ድኗል!»

«ድኗል።»

«ታዲያ?»

«ጾሜን ፈትቻለሁ ትርንጎ።»

«መቼ? እኔ አይደለሁ እንዴ የማቀርብልዎ? ሽሮ እንጂ ምን ቀመሱ?»

«አርባ ጥብስ ነበረ» አሉ። «በዋዜማው ቆጥሬ ነው የዘጋሁት። ፈረንጅኛው ባይገባኝ ቁጥሩ ይገባኛል። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ሠላሳ ስምንት ሆነ።»

ከመደንገጤ የተነሣ የማይባለውን አልሁ። «አባየ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው!»

«ሥዕል ከሆነ ምነው ደበቅሽኝ?»

ከበሮው ይመታል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ እኔ አባቴ እግር ሥር አዲስ ነጠላዬን አፈር ላይ ጥዬ ተንበርክኬያለሁ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ነኝ የበደልሁ» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ አይዶለሽም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቷት። «እጄን ወደድኋታ» አሉ። «ከጾሜ አስበልጬ ወደድኋት። በዚህች እጅ ታቦት ፊት ጸናጽል እንዴት ልምታ?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ አሰብሁት! ባላበላው እጅ አትድንም ነበር፤ ብትድንም ለጥምቀት አትደርስም። አብልቼው ዳነች፤ ዳነችና አልሠራችም። በግልጽ «ላብላው» ብዬ ብጠይቃቸውስ? እምቢ ይሉ ነበር። ይመስለኛል። ምናልባት ይስቁ ነበር። ይህን ብቻ ባውቅ ደስ ባለኝ።

አባየ የነቢያትን ጾም አርባ ሦስት ቀን ጥምቀት ካለፈ በኋላ እንደገና ጾሙት። ሰው በዓል ሲያከብር፣ ሠርግ ሲበላ፣ እሳቸው ሽሮ። ሳይጨርሱት ዐቢይ ጾም ያዛቸውና አንድ ላይ አያያዙት። በዐቢይ ጾም ጸናጽልም ከበሮም አይነካም። ማሽኗን ለገበየሁ መለስሁለት። እጅ ካላሠሯት ትመለሳለች እያልሁ ስሰጋ፣ አንድ ቀን ምሳ ይዤ ብገባ አባየ ትሪ ላይ ባቄላ ዘርግተው አንድ በአንድ ኩባያ ውስጥ ይጨምራሉ። የጎማው ኳስ አጠገባቸው አለ። ተማሪዎቻቸው ፊት፣ ሳይደብቁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ባቄላው ግን አውሬውን አያህልም። እጅቱ አልሞተችም፣ ዘገየች። ጭንቅላታቸው ያዘዛትን ትሰማለች፤ የምትፈጽመው ከአንድ ትንፋሽ በኋላ ነው።

ከፋሲካ በኋላ የደብራችን ንግሥ ነበር። ረፋድ ላይ ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ሊጀመር ሲል መሪጌታ ጥበቡ ከቦታው ወጥቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ፤ ጸናጽሉን በሁለት እጁ ለአባየ አቀረበ። አጠገቡ ስለነበርሁ ሰምቻለሁ።

«እጄ ሰንፋለች ልጄ» አሉት አባየ። «ወረቡን ታበላሻለች።»

«እኛ እንጠብቅዎታለን የኔታ» አላቸው።

ተቀበሉት። ጾማቸውን ጨርሰዋል፤ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ወረቡ በቀስታ ሲጀመር እጃቸው ደህና ሄደች። ጽፋት ላይ ሲደርስ፣ ከበሮው የሚፈጥንበት ቦታ ነው፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ከበሮው ሊወርድ ነው፤ የአባየ እጅ ገና ከላይ ናት። ዓይኔን ስገልጥ ከበሮ መቺው መዳፉን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። በሁለቱም ረድፍ ያለው ዘማሪ አንድ እግሩን እንዳነሣ ቆሟል። ትንፋሽ ያህል ዝም አለ ግቢው። ከዚያ የአባየ እጅ ወረደች፤ ሁሉም አብሯት ወረደ። እንደገና ጠበቁ፤ እንደገና ወረዱ። እስከ መጨረሻው እንዲያ አደረጉ። አባየ እያለቀሱ ይመታሉ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት መርተው ነው ያረፉት። ጥበቡም በተራው ሲመራ ያችን ትንፋሽ አልተዋትም፤ ከእሱ የተማሩትም አልተዉአትም። ዛሬም የእኛ ደብር ጽፋት ከመውረዱ በፊት አንዴ ቆም ይላል። ዘንድሮ በንግሡ ዕለት ከአዘዞ የመጣች አንዲት ሴት አጠገቤ ቆማ «ምነው ቆሙ? ተሳሳቱ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ፊት ለፊታችን የነበረ የደብሩ ዘማሪ ዘወር አለና «አልተሳሳቱም፤ ከጥንት ከነገሥታቱ ዘመን የመጣ የደብራችን ሥርዓት ነው» አላት። ደግሞ በዕድሜ ስለምበልጠው ነው መሰለኝ፣ ምስክር እንድሆነው ወደ እኔ ተመለከተ።

«አዎ» አልሁ።